የጠፋው ልጅ በተመለሰ ጊዜ
የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ሐተታ፤ ሃይማኖቱን ትቶ ስለ ተመለሰ ሰው አቀባበል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ በምዕራፍ 15 ሦስት ምሳሌዎችን በአንድነት ጽፏል፤ እነዚህም የጠፋው በግ፣ የጠፋው ድሪም፣ የጠፋው ልጅ ናቸው። ምሳሌዎቹ የተነገሩበት ምክንያት በምዕራፉ መጀመሪያ ይገኛል። ቀራጮችና ኃጥአን የጌታን ቃል ሊሰሙ ቢቀርቡ ጻፎችና ፈሪሳውያን ከኃጥአን ጋር ይበላል ብለው አጕረመረሙ፤ ጌታም በምሳሌ መለሰላቸው። ስለዚህ ይህ ምዕራፍ የተነገረው ለጠፉት ብቻ አይደለም፤ የጠፋው ሲመለስ በደጅ ቆመው ለሚያዩትም ነው።

ሦስቱ ምሳሌዎች አንድ ቢመስሉም ልዩነት አላቸው። በጉ ሳያውቅ ጠፋ፤ ድሪሙ ሳያስብ ወደቀ፤ ልጁ ግን አውቆና ወድዶ ወጣ። በጉን እረኛው በምድረ በዳ ፈለገው፤ ድሪሙን ሴቲቱ መብራት አብርታ ቤቷን ጠርጋ ፈለገችው፤ ልጁን ግን አባቱ ሄዶ አላመጣውም። ስለ ምን ቢሉ፤ ልጅ ነጻ ፈቃድ ያለው ነውና በፈቃዱ እንደ ወጣ በፈቃዱ ይመለስ ዘንድ ጠበቀው። ሦስተኛው ምሳሌ በቤት ተወልዶ፣ በማዕዱ በልቶ፣ ስሙን ተሸክሞ ከቤት ስለ ወጣው ሰው የተነገረ ነው። ቤቱን ፈጽሞ ያላወቀ ሰው ኑ ቢባል እንግዳ ሆኖ ይመጣል፤ ይህ ግን ሲመጣ እያፈረ ይመጣል፤ ደጁን ያውቀዋልና፤ በደጁ የሚቆሙትም ያውቁታልና።

ልጁ ርስቱን ከአባቱ ተካፍሎ ወደ ሩቅ አገር ሄደ። ሩቅ አገር ማለት ምንድር ነው ቢሉ፤ አባቱ የማይታይበት፣ ስሙም የማይጠራበት ነው። አንድም በእግር የሚሄዱበት ሳይሆን በልብ የሚርቁበት ነው፤ ሰው በአባቱ ቤት ተቀምጦ ሩቅ አገር መሆን ይቻለዋልና። በዚያም ገንዘቡን በተነ፤ ረኃብ ጸና፤ የእሪያ እረኛ ሆነ። በኦሪት እሪያ የረከሰ እንስሳ ነውና ለእስራኤላዊ ከዚህ የሚከፋ ውርደት አልነበረም። እሪያዎቹ ከሚበሉት ሊጠግብ ተመኘ፤ የሚሰጠውም አልነበረም። ባለጠጋ ሳለ የበዙለት ወዳጆች በተራበ ጊዜ አንድም አልተገኘ።

ከዚህ በኋላ ወንጌላዊው ይህ ልጅ ወደ ልቡ እንደ ተመለሰ ይናገራል። ወደ አባቱ ከመመለሱ አስቀድሞ ወደ ልቡ መመለሱን ልብ ይሏል። ከአባቱ የራቀ ሰው ከራሱም የራቀ ነውና፤ ንስሓ ከዚህ ይጀምራል። የመለሰው ምንድር ነው ቢሉ፤ ረኃብ ነው። በአባቱ ቤት ያሉት ሞያተኞች እንጀራ እንደሚተርፋቸው አስታወሰ። አንዳንዶች በረኃብ ምክንያት መመለሱን አይተው ለሆዱ እንጂ ለአባቱ አልተመለሰም ይላሉ። አባትየው ግን ምክንያቱን አልጠየቀም። ከረኃብ የተነሣ የተመለሰ ልጅ ከጠገበ በኋላ አባቱን መውደድ ይማራል፤ ይመለስ እንጂ።

በመንገድም የሚናገረውን አዘጋጀ። ሦስት ነገር ነበር፤ አንደኛው በሰማይና በአባቱ ፊት መበደሉን፤ ሁለተኛው ልጅ ተብሎ ሊጠራ እንዳይገባው፤ ሦስተኛው ከሞያተኞቹ እንደ አንዱ እንዲያደርገው ነው። አባቱ ግን ገና ሩቅ ሳለ አየው። ስለ ምን በሩቅ አየው ቢሉ፤ ሁልጊዜ መንገዱን ይመለከት ነበርና። አየ፣ አዘነ፣ ሮጠ፣ አንገቱን አቅፎ ሳመው። ጌታ በዝግታ ይሄዳል እንጂ አይሮጥም፤ የሚሮጥ አሽከር ነው፤ ባለጠጋ ሽማግሌ በአደባባይ ልብሱን ሰብስቦ ሲሮጥ ቢታይ መሳቂያ ይሆናል። ይህ አባት ግን ልጁ በመንደሩ ሰው ፊት ብቻውን አፍሮ እንዳይገባ ኀፍረቱን ለራሱ ወሰደለት። ይህ የእግዚአብሔር ወልድ ሰው መሆን ምሳሌ ነው፤ በሰማይ ያለ ክብሩን ሳይተው ወደ ወደቀው ወርዷልና።

ልጁም ያዘጋጀውን መናገር ጀመረ። አንደኛውን ተናገረ፤ ሁለተኛውን ተናገረ፤ ሦስተኛውን ግን አልተናገረም። ስለ ምን ቢሉ፤ አባቱ ለባሮቹ ትእዛዝ ሲሰጥ ቃሉን አቋረጠበት። በደሉን ይናዘዝ ዘንድ ጊዜ ሰጠው፤ ከሞያተኛ ይቆጠር ዘንድ ግን አልፈቀደለትም። ኑዛዜ ይገባል፤ ልጅነትን መካድ ግን አይገባም። ንስሓ የገባ ሰው እኔ በድያለሁ ይበል፤ እኔ ከእንግዲህ ልጅ አይደለሁም አይበል፤ ይህን የሚፈርድ አባት እንጂ ልጅ አይደለምና።

አባቱም አራት ነገር አዘዘለት። ከሁሉ የተሻለው ልብስ ልጅነት ነው፤ አንድም የንጽሕና ጸጋ ነው። ቀለበት ሥልጣን ነው፤ በቀለበት ማኅተም ይታተማልና፤ ገንዘቡን የበተነውን ልጅ የቤቱን ማኅተም አስያዘው። ጫማ ነጻነት ነው፤ ባሪያ በባዶ እግሩ ይሄዳል፤ ልጅ ግን ይጫማል። የሰባው ፍሪዳ ስለ ኃጢአታችን የተሠዋው ክርስቶስ ነው፤ የተመለሰውም ከሥጋውና ከደሙ ይካፈላል። ልብሱን፣ ቀለበቱንና ጫማውን በምሥጢር አልሰጠውም፤ በቤተ ሰቡ ሁሉ ፊት አለበሰው እንጂ። በአደባባይ የወጣ ልጅ በአደባባይ ይከብር ዘንድ ነው።

ይህ ነገር በምሳሌ ብቻ የቀረ አይደለም። ከሐዋርያት አለቃ ከጴጥሮስ የሚበልጥ ምስክር የለውም። ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ በእሳት ዳር ቆሞ ጌታውን ሦስት ጊዜ ካደ፤ ያስካደውም ሰይፍ የያዘ ወታደር ሳይሆን የአንዲት ገረድ ጥያቄ ነበረ። ዮሐንስ በወንጌሉ በምዕራፍ 21 እንደ ጻፈው ጌታ ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር የፍም እሳት ባለበት ይወደው እንደ ሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ ሦስት ጊዜም በጎቹን አደራ ሰጠው። በእሳት ዳር የካደውን በእሳት ዳር መለሰው፤ ሦስቱን ክሕደት በሦስት ፍቅር ሻረለት። ልብ ይባል፤ ስለ ካደህ ከእንግዲህ ጠባቂ አትሆንም አላለውም።

በቤተ ክርስቲያንም ታሪክ ይህ ነገር ጽኑ ፈተና ሆኖ የመጣበት ዘመን አለ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ249 እስከ 251 ዓ.ም. በሮም የነገሠው ዳክዮስ በግዛቱ ያለ ሰው ሁሉ ለጣዖት እንዲሠዋ አዘዘ። የሠዋም ሰው መሠዋቱን የሚመሰክር ጽሕፈት ከሹማምንት ይቀበል ነበር፤ ከእነዚህ በፓፒሩስ ከተጻፉት ጽሕፈቶች ከ40 የሚበልጡ በግብፅ ምድር ተገኝተዋል። በዚያ ጊዜ አያሌ ክርስቲያኖች ሰማዕት ሆኑ፤ ብዙዎች ግን ሠዉ፤ ሌሎችም ሳይሠዉ ለሹም ገንዘብ ሰጥተው ጽሕፈቱን ገዙ። ስደቱ ጸጥ ባለ ጊዜ እነዚህ ሁሉ እያለቀሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ መጡ። ምን ይደረጉ? ጥያቄው ይህ ነበረ።

በሮም ኖቫትያን የሚባል ቄስ የካደን ሰው እግዚአብሔር ይማረው እንደ ሆነ እንጂ ቤተ ክርስቲያን ልትቀበለው አትችልም ብሎ በ251 ዓ.ም. ተለየ። ተከታዮቹም ራሳቸውን ንጹሓን ብለው ጠሩ። በቅርጣግና ጳጳስ የነበረው ቆጵርያኖስ ግን ከኤጲስ ቆጶሳቱ ጋር በዚያው ዓመት ጉባኤ አድርጎ የእያንዳንዱ ነገር በየራሱ እንዲመረመር ወሰነ፤ ጽሕፈት የገዛና በእጁ የሠዋ አንድ አይደለምና። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ስደት ሊመጣ እንደ ሆነ ባዩ ጊዜ ንስሓ የገቡትን ሁሉ ተቀበሉ። ስለ ምን ቢሉ፤ ወደ ጦርነት የሚሄድ ወታደር ያለ ስንቅና ያለ ጋሻ አይላክምና።

በእስክንድርያ በዚያ ዘመን ሊቀ ጳጳስ የነበረው ዲዮናስዮስ ለአንጾኪያው ጳጳስ ለፋብዮስ የጻፈው ደብዳቤ በአውሳብዮስ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። በዚያ ስለ አንድ ሽማግሌ ስለ ሰራፒዮን ተጽፏል። ሰራፒዮን ረጅም ዘመን ያለ ነቀፋ ኖሮ በስደት ጊዜ ሠዋ። ከዚያ በኋላ ይቀበሉት ዘንድ ብዙ ጊዜ ለመነ፤ ስለ ሠዋ ግን የሚሰማው አልነበረም። ታመመ፤ ሦስት ቀንም ሳይናገርና ሳያውቅ ተኛ። በአራተኛው ቀን ጥቂት ነቃ ብሎ የልጁን ልጅ ጠራና ከካህናት አንዱን ቶሎ እንዲጠራለት ለመነው፤ ዳግመኛም ዝም አለ። ብላቴናው ሮጦ ወደ ቄሱ ሄደ። ጊዜው ሌሊት ነበረ፤ ቄሱም ታሞ ተኝቶ ነበርና ሊመጣ አልቻለም። ዲዮናስዮስ ግን ለሞት የቀረበ ሰው ቢለምን፣ ይልቁንም አስቀድሞ ሲለምን የኖረ ቢሆን፣ ተስፋ ይዞ ይሞት ዘንድ እንዲፈታ አዝዞ ነበር። ስለዚህ ቄሱ ከቅዱስ ቍርባኑ ጥቂት ለብላቴናው ሰጥቶ አርሶ በሽማግሌው አፍ ያደርግለት ዘንድ ነገረው። ብላቴናው ገና ሳይገባ ሰራፒዮን እንደ ገና ነቅቶ የታዘዘውን ቶሎ እንዲያደርግለት ተናገረ። አደረገለት፤ ሽማግሌውም ጥቂት በጥቂት ዋጠና ወዲያው ነፍሱን ሰጠ።

ዲዮናስዮስ ይህን ስለ ምን ጻፈ ቢሉ፤ ፋብዮስ ወደ ኖቫትያን አሳብ ያዘነብል ነበርና እግዚአብሔር ይህን ሽማግሌ እስኪፈታ ድረስ በሕይወት እንዳቆየው ያሳየው ዘንድ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይታያሉ። አንዱ ሽማግሌው ደጋግሞ ሲለምን ያልሰሙት ናቸው፤ ሁለተኛው ታሞ ሳለ፣ በሌሊት፣ መሄድ ባይችል ብላቴናን የላከው ቄስ ነው። ሰራፒዮን ወደ ደጁ የቀረበው በጤናው ዘመን ነበረ፤ የገባው ግን በሞቱ ሰዓት ነው። በመካከል ያለፈው ጊዜ የማን ዕዳ እንደ ሆነ ካህን ሁሉ ያስብ።

ከዚህ በኋላ በዲዮቅልጥያኖስ ስደት ጊዜ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ተፍጻሜተ ሰማዕት ጴጥሮስ በ306 ዓ.ም. ገደማ ስለ ወደቁት ሥርዓት ጻፈ። ፍርዱ ሁሉን በአንድ መስፈሪያ የሚሰፍር አልነበረም። ብዙ ተሠቃይቶ ሥጋው ደክሞት የካደውን፣ ሦስት ዓመትም ሲያለቅስ የኖረውን፣ 40 ቀን ብቻ ጨመረበት። ታስሮ ያለ ግርፋት የካደውን አንድ ዓመት ጨመረበት። ምንም ሳይደርስበት ከፍርሃት ብቻ ለካደው ፍሬ ያጣችውን በለስ ምሳሌ አቀረበለት፤ ጠባቂው ዙሪያዋን ቆፍሮ ፋንድያ እስኪያደርግላት ባለቤቱ እንዲታገሣት የለመነላትን። በግድ ተይዞ፣ አፉ በብረት ተከፍቶ፣ እጁ በእሳት ላይ ተይዞ ዕጣን እንዲያጥን የተደረገውን ግን እንደ ወደቀ ሳይሆን እንደ መሰከረ ቆጠረው።

ከሁሉ ይልቅ ለመኳንንት የሚገባ አንድ ፍርድ በዚያ አለ። አንዳንድ ጌቶች እነርሱ በሹም ፊት እንዳይቆሙ ክርስቲያን የሆኑ ባሮቻቸውን በራሳቸው ፈንታ ልከው አሠዉአቸው። ጴጥሮስ ለባሪያው አንድ ዓመት፣ ለጌታው ሦስት ዓመት ቀኖና ሰጠ። ባሪያው በእጁ ሠዋ፤ ጌታው እጁን አላነሣም፤ ነገር ግን ቅጣቱ በጌታው ላይ ከበደ። ስለ ምን ቢሉ፤ እርሱ ራሱን ለማዳን ብሎ ሸንግሏል፤ የታናሹንም ነፍስ በራሱ ፈንታ አስይዟል። በሌላ ሰው እጅ የተሠራ ክሕደት በእግዚአብሔር ፊት የላኪው ነው።

ስለዚህ ርኅራኄው ጴጥሮስ ተከራካሪ ተነሣበት፤ የሊቆጶሊስ ጳጳስ ሜሊጥዮስ ነው። ኤጲፋንዮስ እንደ ጻፈው ሁለቱ በአንድ ወኅኒ ታስረው ሳሉ ስለ ወደቁት ተከራከሩ፤ ጴጥሮስም ልብሱን በመካከል እንደ መጋረጃ ዘርግቶ ከእርሱ ጋር የሆነ ወደ እርሱ እንዲመጣ ቢል የሚበዙት ወደ ሜሊጥዮስ ሄዱ። በዚያ ቀን የርኅራኄ ወገን ጥቂት ነበረ። ጴጥሮስ በ311 ዓ.ም. አንገቱን ለሰይፍ ሰጠ፤ ቤተ ክርስቲያንም በኅዳር 29 ቀን ታስበዋለች። ለደካሞች የራራው እርሱ ራሱ ደካማ እንዳልነበረ ሞቱ መሰከረ። ለወደቀ መራራት የመውደቅ ወዳጅነት አይደለም።

በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምእት ደግሞ በሊቅንዮስ ዘመን ያለ ግድ ስለ ካዱት ሲወስኑ ምሕረት ባይገባቸውም ምሕረት ይደረግላቸው አሉ። ሦስት ዓመት ከሚሰሙት ጋር፣ ሰባት ዓመት ከሚሰግዱት ጋር፣ ሁለት ዓመት ያለ ቍርባን በጸሎት ከሕዝቡ ጋር እንዲሆኑ አዘዙ። ሞት የቀረበበት ሰው ግን ዘመኑ ሳይፈጸም ቍርባን እንዳይከለከል ወሰኑ። ራሳቸውን ንጹሓን ከሚሉትም ወገን ሊመለስ የሚወድ፣ ወድቀው ከተነሡት ጋር በአንድ ማዕድ መቍረብን በጽሕፈት እንዲቀበል አዘዙ።

በዚህ ላይ ጥያቄ ይነሣል። አባትየው ሮጦ ከተቀበለ፣ አባቶች ስለ ምን የዓመታት ቀኖና አዘዙ? የሚቃወም አይደለምን? አይቃወምም። አባትየው ልጁን ያቀፈው እሪያ ሲጠብቅ በለበሰው ልብስ ሳለ ነው፤ ወደ ማዕድ ያቀረበው ግን ልብሱን ከለወጠ በኋላ ነው። ማቀፍ የደጁ ነው፤ ልብስ መለወጥ የቀኖናው ነው። ቀኖና ዕዳ መክፈያ ቢሆን ማንም ከፍሎ ባልፈጸመ፤ ነገር ግን መድኃኒት ነው፤ ባለ መድኃኒትም እንደ ሕመሙ ይሰጣል። ስለዚህ ጴጥሮስ ለአንዱ 40 ቀን ለሌላው ሦስት ዓመት ሰጠ። መድኃኒቱን ከሕመሙ በላይ የሚያበዛ ይገድላል፤ ፈጽሞ የማይሰጥም ቍስሉን በልብስ ይሸፍናል። ሁለቱም ከአባትየው ቤት ሥርዓት ወጥተዋል።

በኢትዮጵያም ይህ ሁሉ ደርሷል። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ የአገሩ ሰው ግራኝ የሚለው፣ በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኵሬ ድል ካደረገ በኋላ ጦርነቱ ወደ አገሩ ሁሉ ተስፋፋ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ከሕዝቡም ከመኳንንቱም ብዙዎች አንዱ ከሰይፍ ፍርሃት፣ አንዱ ለርስቱና ለሹመቱ ሲል ሃይማኖታቸውን ለወጡ። ዐፄ ልብነ ድንግል በስደት ካረፉ በኋላ ልጃቸው ዐፄ ገላውዴዎስ ነገሡ፤ በየካቲት 1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ጦርነት ኢማሙ ሞተ። ከዚህ በኋላ የካዱት ይመለሱ ጀመር። ድል ያደረገ ንጉሥ በእጁ የገባውን ከሓዲ መቅጣት ይቻለው ነበር፤ ሊቀጣም የሚገፋፋው አይጠፋም ነበር። ዐፄ ገላውዴዎስ ግን ከተመለሱት ለብዙዎቹ ምሕረት አደረጉ። መንግሥቱንም ሕዝቡንም መልሰው ያቆሙት በዚህ ነው፤ የወደቀውን ሁሉ የሚቈርጥ ንጉሥ ቢሆኑ ኖሮ ባዶ አገር በገዙ ነበር።

ቤተ ክርስቲያንም በዚያ ዘመን ለተመላሾች መጽሐፈ ቄድርን ሥርዓት አድርጋ ያዘች። ቄድር የሚለው ቃል ከዐረብ የመጣ ሲሆን ርኵሰት፣ እድፍ ማለት ነው። ካህኑ በውኃው ላይ ጸሎት ያደርሳል፤ የተመለሰውም ሰው በዚያ ውኃ ይነጻል። ይህ ሁለተኛ ልደት ነው ወይ ቢሉ፤ አይደለም። የልጅነት ጥምቀት አንዲት ናት፤ አትደገምም። ልጅ ከእናቱ ማኅፀን ሁለተኛ አይወለድም፤ በጭቃ የወደቀ ልጅ ግን ይታጠባል። ስለዚህ መጽሐፈ ቄድር የካደው ሰው ፈጽሞ ልጅነቱን አጥቶ እንዳልቀረ ይመሰክራል፤ ልጅ ባይሆን ኖሮ ከመታጠብ ይልቅ እንደ አዲስ መወለድ ባስፈለገው ነበር።

አሁን የምሳሌው መጨረሻ ይነገር፤ እርሱም ስለ ታላቁ ወንድም ነው። ታላቁ ልጅ በእርሻ ነበረ፤ ወደ ቤት ሲቀርብ የዘፈን ድምፅ ሰምቶ ነገሩን ከአሽከር ጠየቀ። በሰማ ጊዜ ተቈጣ፤ ሊገባም አልወደደም። አባቱም ወጥቶ ለመነው። ይህን ልብ ይሏል፤ አባትየው በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ ከቤቱ ወጣ፤ አንድ ጊዜ ከሩቅ ለመጣው፣ አንድ ጊዜ በደጅ ለቆመው። ታላቁ ልጅ ሲናገር ወንድሜ አላለም፤ የአባቱ ልጅ ብሎ ከራሱ አራቀው እንጂ። ጋለሞታንም ያነሣ እርሱ ነው፤ ስለ ታናሹ ጥፋት ከሁሉ አብዝቶ የተናገረ እርሱ ሆነ። አባቱ ሲመልስለት ግን ታናሹን የአንተ ወንድም ብሎ ጠራው። ቃሉን አርሞ ዝምድናውን መለሰለት።

ታላቁ ወንድም ማን ነው ቢሉ፤ በመጀመሪያ የሚያጕረመርሙት ፈሪሳውያን ናቸው። አንድም ኖቫትያንና ሜሊጥዮስ ናቸው። አንድም ሰራፒዮንን ያልሰሙት ናቸው። አንድም በቤት የኖረ፣ ጾሙን ያልሻረ፣ ቅዳሴውን ያልታጐለ፣ ነገር ግን የተመለሰውን ሰው ያለፈ ስሙን እየጠራ የሚያሳፍር ሁሉ ነው። ካህን ቢሆን የተመላሹን ኑዛዜ ለማኅበር ወሬ ያደርጋል፤ መኰንን ቢሆን የተመላሹን ርስት አይመልስም፤ ትናንት ከእኛ ወገን አልነበርህም ይለዋል። ይህ ሰው በሕጉ አንዳች አልተላለፈም፤ ግን ከግብዣው ውጭ ቆሟል።

ወንጌላዊው ታላቁ ልጅ ገባ ወይም አልገባም ብሎ አልጻፈም። የታናሹ ነገር ተፈጽሟል፤ ልብስ ለብሷል፣ ቀለበት አድርጓል፣ ፍሪዳው ታርዶለታል። ያልተፈጸመው የታላቁ ነገር ነው። ጌታ ይህን ሳይዘጋ የተወው ስለ ምን ነው ቢሉ፤ ምሳሌውን የሚሰሙት ሰዎች መልሱን በራሳቸው ይሰጡ ዘንድ ነው። አባትየው ከደጅ ቆሞ ይለምናል፤ በውስጥ ዘፈን አለ፤ የተመለሰውም ወንድም ታላቁን ይጠብቃል። ደጁ ክፍት ነው፤ በደጁ የቆመውም ገብቶ ወንድሙን ይሳመው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።